አልወርድም ያለ ውሃ

ረቡዕ ጠዋት ማላኪ ቱሂ ሦስቱን ጉድጓዶች ሞተው አገኛቸው።

የከደኗቸውን ሳንቃዎች አንድ በአንድ አነሳ። ትናንት ማታ የተሞላው ውሃ እንዳለ ተቀምጧል። ሁለት ጣት ያህል እንኳ አልጎደለም። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጉንጭ አልጠጣም።

ማላኪ ተንበርክኮ አየ። ዝናብ አልገባባቸውም፤ ሳንቃው ደረቅ ነው። ጠርዙ አልተናደም። አካፋ የነካው የለም።

ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራው ቤት ከመሠራቱ በፊት መሬቱ የቤቱን ፍሳሽ ይችል እንደሆነ መመርመር ነው። ሌትሪም በሚባለው አውራጃ ገጠር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሴፕቲክ ታንክ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ይቀብራል። ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ደግሞ መሬቱ መምጠጥ አለበት። ካልመጠጠ የግንባታ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ማላኪ ሰው የሚውጥ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ አፈሩን ለማየት። ከአጠገቡ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች ይቆፍራል፤ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ያጠጣቸዋል። በማግስቱ እንደገና ሞልቶ ውሃው በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ ይለካል።

ወደ ትልቁ ጉድጓድ ሄዶ በመሰላል ወረደ። አፈሩ ቡናማ ነው። በእጅ ሲጨብጡት ይፈረካከሳል። የሣሩ ሥር እስከ ወገብ ድረስ ወርዷል። ውሃ የሚተኛበት መሬት የሚያወጣው ግራጫ ነጠብጣብ የለም። ታቹ ደረቅ ነው። ማሳው ላይም አንድ ቄጠማ አልበቀለም።

ትልቁ ጉድጓድ እጠጣለሁ ይላል። ትንንሾቹ አንጠጣም ይላሉ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ራሱ ሲሞላቸው ውሃው ዓይኑ እያየ ሲወርድ ነበር።

ማላኪ በሠላሳ ዓመት ሥራው መሬት ሲዋሽ አይቶ አያውቅም። ሰው ሲዋሽ ግን አይቷል።

*

ዴርቭላ ሃንሊ ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋን ጨርሳ መጣች። የነርስ ልብሷን አልቀየረችም። የውሃውን ከፍታ አየችና በቦት ጫማዋ መሬቱን ረገጠች።

ቤቱ የሚሠራው ለእሷና ከኋላዋ ለቆመው ባሏ ለቶሜክ ነው። የተከራዩት ቤት ተሽጧል፤ በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ። የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ፈቃዱ ካልተገኘ የቶሜክ ወንድም ፖዝናን ውስጥ ሥራም ቤትም አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ፖላንድ ይሄዳሉ። አባቷ ጃርላት ይህን ማሳ የሰጣቸው እንዳይሄዱበት ነው። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከልጁና ከልጅ ልጁ ሌላ ሰው የለውም።

“ኤንዳ ነው” አለች ዴርቭላ። “የእበት ፈሳሽ ጨምሮበታል። እበት አፈር እንደሚደፍን ሕፃን ያውቀዋል።”

ኤንዳ ስካንሎን ጎረቤታቸው ነው። ማሳውን አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቶ ጊደሮቹን ያሰማራበታል። ቤቱ ከተሠራ ከመሬት ሁሉ የሚወደውን ያጣል። የትራክተሩ ጎማ ዱካም ትናንት ማታ በጉድጓዶቹ አጠገብ አልፏል። ጭቃው ገና አልደረቀም።

ማላኪ ዱካውን አየው። ጃርላት ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ልጁ ዞር ብላ ስታየው ራሱን ነቀነቀ።

“ሌላ ማን ይጠቀማል?” አለ።

ዴርቭላ ለፖሊስ ደወለች።

ሳጅን ኑላ ፊኒ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ኤንዳን ከከብት በረቱ ጠርታ አመጣችው። ሰውየው አጭር፣ ፊተ ቀይ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ።

“ትናንት ማታ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?” አለችው።

“ጊደሬ አጥር ጥሳ ገብታ ነበር። ላወጣት መጣሁ።”

“በትራክተር?”

“አዝዬ ላውጣት?”

“ጉድጓዶቹ ጋ ደርሰሃል?”

“በአጠገባቸው አልፌያለሁ።”

“ሳንቃውን ነክተሃል?”

“ስሚ ሳጅን፣ ይህን ቤት ማስቀረት ብፈልግ ባልዲ ይዤ አልመጣም። ጊደሮቹን ለቅቄባቸው ልተኛ እሄዳለሁ። ጊደር ክስ አይፈራም።”

ሳጅኗ ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች። ጃርላት ግን ከአጥሩ ሥር እንደገና ተናገረ። ኤንዳ ባለፈው ወር መጠጥ ቤት ውስጥ እስቲ ቤቱ ሲሠራ እናያለን ብሎ እንደዛተ አስታወሰ። ኤንዳ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

“ጃርላት፣ የሚስትህን ሬሳ ሳጥን በዚህ ትከሻ ተሸክሜያለሁ።”

ጃርላት ዓይኑን ወደ ማሳው መለሰ።

ሳጅኗ ኤንዳን ወደ ጣቢያ ወስዳ ቃሉን መቀበል እንዳለባት ነገረችው። መኪናዋን ከፈተች።

“ትንሽ ቆዪ” አለ ማላኪ።

*

በእፍኙ ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳ። አሸተተው። የእበት ሽታ የለውም። አንድ ጠብታ እበት ቢገባበት እንኳ ይሸት ነበር። ጣቶቹን አፋተገ። ሙልጭልጭ ይላል።

ሌላም ነገር አለ። የጉድጓድ ውሃ ሌሊቱን ሲያድር ደለሉ ይዘቅጣል፤ ጠዋት ላይ ታቹ ይታያል። ይህ ግን ወተት እንደገባበት ሻይ ደፍርሶ ቀርቷል። በሦስቱም ጉድጓድ እንደዚያው ነው።

ማላኪ ከመኪናው ሦስት የማርማላታ ጠርሙሶች አወጣ። በሦስቱም ከተቆፈረው አፈር እኩል እኩል ጨመረ። በአንዱ ከቤቱ ያመጣውን ውሃ ሞላ። በሌላው ከጉድጓዱ። በሦስተኛው ደግሞ ለማታ ሙሌት ብሎ ትናንት ትቶት ከሄደው በርሜል የተረፈውን። ከድኖ አንድ ላይ ናጣቸው፤ የመኪናው አፍንጫ ላይ ደረደራቸው።

“ምን እየጠበቅን ነው?” አለች ሳጅኗ።

“ምስክር።”

ቆመው አዩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ኤንዳ እንኳ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ተጠጋ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ከላይ መጥራት ጀመረ፤ አፈሩ እየተቋጠረ ወደ ታች ወረደ። ሦስተኛው ተከተለ። መሃለኛው፣ የጉድጓዱ ውሃ ያለበት፣ ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላም ሻይ በወተት እንደሆነ ቀረ።

“አፈሩ አንድ ነው” አለ ማላኪ። ድምፁ ከወትሮው ፈጠን ብሏል። “የበርሜሉም ውሃ ንጹሕ ነው። የተጨመረው ነገር የገባው በባልዲ ነው። ባልዲውን የያዘው ማን ነው?”

ማሳው ላይ ያለ ሁሉ ወደ ቶሜክ ዞረ።

በዚህ አገር መርማሪው ጠዋት ይሞላል፤ የማታውን ሙሌት ለቤቱ ባለቤት ይተውለታል። ደንቡ አይፈቅድም። ግን ለአንድ ባልዲ ውሃ ብሎ ተመልሶ አርባ ኪሎ ሜትር የሚነዳ የለም። ማላኪም እንደ ሁሉም አደረገ። ቶሜክ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊሞላ ቃል ገብቶ ነበር።

ቶሜክ ግድግዳ ለሳኝ ነው። ረጅም ነው፤ ጫማው ላይ ኖራ አይጠፋም። ገጠር መኖር ብዙም እንደማይወድ፣ ፖዝናንም ቢሄድ እንደማይጠላ ሳጅኗ ከመጠጥ ቤት ወሬ ሰምታለች። ወደ እሱ ቀረብ አለች።

“አንተ ነህ የሞላኸው?”

“አዎ።”

“ስንት ሰዓት?”

“አሥራ ሁለት።”

ማላኪ ጣልቃ ገባ። “ለእያንዳንዱ ስንት ባልዲ ፈጀብህ?”

ቶሜክ ትንሽ አሰበ። “ሁለት ሁለት።”

“እኔ ጠዋት አራት አራት ነው የፈጀብኝ። ሁለት ባልዲ ከግማሽ አያልፍም። ዛሬ ያገኘኋቸው ደግሞ ሙሉ ናቸው።”

ቶሜክ አንገቱ ቀላ። ሚስቱን አየ። ሚስቱ ክንዷን አጣምራለች።

“ስላይጎ ነበርኩ” አለ። “የአንድ ሳሎን ልስን ጀምሬ ነበር። ልስን ከተጀመረ ተትቶ አይሄድም፤ ይደርቅብሃል። ለእሷ ቃል ገብቼ ስለነበር አልነገርኳትም። በስልክ ሌላ ሰው ለመንኩ።”

“ማንን?”

  የቶሜክ ዓይን ወደ አጥሩ ሄዶ አማቱ ላይ አረፈ።

*

ሳጅኗ ማላኪን ወደ ጎን ሳበችው። የማይመስል ነገር እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችው። መሬቱን የሰጠው ጃርላት ነው። ይህን ቤት ከዚህ ሁሉ ሰው በላይ የሚፈልገው እሱ ነው።

“አዎ” አለ ማላኪ። “ከሁሉ በላይ።”

ወደ ጃርላት ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ዕድሜ ናቸው።

“የሞላህበትን ባልዲ አምጣልኝ።”

“ውሃ ነው የሞላሁት። ውሃ ሙላ ተባልኩ፣ ሞላሁ። ምን አለበት?”

“ምንም የለበትም። ባልዲውን አሳየኝ።”

ባልዲው ከጓሮ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዴርቭላ ራሷ ሄዳ አመጣችው። ማላኪ ወደ ብርሃን አዘነበለው። ከታች፣ ጎኑ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ስንጥቅ፣ ነጭ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። በጥፍሩ ፋቀው። ወደ ሳጅኗ ዞረ።

“ኮምጣጤ አለሽ?”

“ምን?”

“መኪናሽ ድንች ጥብስ ድንች ጥብስ ይሸታል። ከጥብሱ ጋር ኮምጣጤ ሳይሰጡሽ አይቀሩም።”

ሳጅኗ ቀላች። ከመኪናዋ መሳቢያ ሁለት ትንንሽ የኮምጣጤ ከረጢቶች ይዛ መጣች። ማላኪ አንዱን በጥርሱ ቀደደና ነጩ ነገር ላይ ጠብ አደረገበት።

ፍሽሽ አለ። አረፋው ከስንጥቁ ወጥቶ በባልዲው ወለል ላይ ሮጠ።

ኤንዳ አፏጨ። ማላኪ ፈገግ ላለማለት ጥርሱን ነከሰ።

“ሶዳ” አለች ዴርቭላ። “የልብስ ማጠቢያ ሶዳ። እማዬ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሲደፈን የምትጨምረው።”

ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። ወደ አባቷ ዞረች።

“አባዬ?”

ጃርላት ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው።

“ሲደፈን ሶዳውን በሙቅ ውሃ ትለቅበታለህ፣ ይከፈታል” አለ። “አርባ ዓመት እንዲህ ነው ያደረግነው። አንድም ቀን እንቢ ብሎን አያውቅም። መሬቱንም ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው።”

“ስንት ጨመርክ?” አለ ማላኪ።

“አምስት ኪሎ።”

 የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። ማላኪ ጉዳዩን በአጭሩ ነገራቸው። ሶዳ ቧንቧ ውስጥ ያለ ስብ ይበላል፤ ማጠቢያው የሚከፈተው ለዚህ ነው። አፈር ግን ስብ የለውም። የአፈር ቅንጣቶች ተጣብቀው ይቋጠራሉ፤ ውሃው በቋጠሮዎቹ መካከል ይሾልካል። ሶዳ ሲገባ ቋጠሮው ይፈታል፤ ቅንጣቱ እንደ ዱቄት ተበትኖ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ማላኪ ራሱ ከዓመታት በፊት የሚያንጠባጥብ የዳክዬ ኩሬ በዚሁ ሶዳ ደፍኗል። ውሃው በጣቱ ሲሙለጨለጭ ያሰበው ያን ኩሬ ነበር።

“መሬቱ ብቻውን ይችል ነበር” አለ። “ትናንት ጠዋት አይቼዋለሁ።”

ጃርላት በአጥሩ እንጨት ላይ ተቀመጠ። ሌትሪም ውስጥ መሬት የሚሸጠው በሄክታር ሳይሆን እንደ ውሃ በጋሎን ነው ሲባል እየሰማ ማደጉን ተናገረ። እዚህ አገር ውሃ የሚጠጣ መሬት አለ ብሎ ማን ያምናል?

“ካልተሳካ ፖዝናን አልሽኝ” አለ ልጁን። “እንግዲህ ምን ላድርግ?”

“ሶዳውን ተወው” አለች ዴርቭላ። ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ያ ከጩኸት ይብሳል። “ጠዋት ውሃውን እንዳየህ ገብቶሃል። ገብቶህ ኤንዳ ላይ ስትጠቁም ቆየህ። ፖሊስ መኪና ልታስገባው ነበር።”

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት ነበር። አንድ ቃል ወጣው፤ ያንን ለመደገፍ ሁለተኛው ወጣ። ጃርላት ይህን ሊያስረዳ ሞከረ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

*

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ዘጋች። ፈቃዱን ለሚሰጠው ለአካባቢው ምክር ቤት የገባ የሐሰት ወረቀት እስካሁን የለም። የተበላሸው ሦስት ጉድጓድ ነው። በሐሰት የተጠቆመ ሰው ግን አለ።

“ኤንዳ፣ ክስ አለህ?”

ኤንዳ ጃርላትን ከጫማው እስከ ኮፍያው አየው።

“ክስ የለኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን፣ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ፣ የሠራውን በራሱ አፍ ይናገር። ሶዳውንም፣ እኔንም።”

ጃርላት ወደ ሳጅኗ ዞረ። “እስሩስ አይቻልም?”

“አይቻልም።”

ቶሜክ ማላኪን ተከትሎ ወደ መኪናው ሄደ። የሶዳውን ነገር ከሪፖርቱ ቢተውት ምን እንደሚጎድል ጠየቀው። የምክር ቤቱ ሰዎች ይህን ካነበቡ ሊከለክሏቸው ይችላሉ። ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

“እጽፈዋለሁ” አለ ማላኪ። “የማታውን ሙሌት ለእናንተ መተዌንም እጽፈዋለሁ። አንድ መስመር ከደበቅሁ የቀረውን ማን ያምነኛል?”

እዚያው ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። የምክር ቤቱ ባለሙያ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሁለት ጊዜ “ምን?” አለ። አዲስ ጉድጓዶች ከአሮጌዎቹ ከፍ ብለው ይቆፈሩ፣ ሁሉም ነገር ፎቶ ይነሳ፣ ውሃውን ከመርማሪው በቀር ማንም አይንካ አለ። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ውሃው የሚወርድበት ደቂቃ ነው።

ማላኪ አሥራ አምስት ሜትር ሽቅብ ቆጠረና ሦስት ችካል ተከለ። አካፋውን ለጃርላት ሰጠው።

“ቆፍር። ባልዲ ግን አትንካ።”

ጃርላት ኮቱን አውልቆ ቆፈረ። ኤንዳ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ጎኑ ጠማማ ነው ይላል። ጥልቀቱ አልደረሰም ይላል። ጃርላት ጎኑን አቀና፣ ጥልቀቱን አደረሰ። የአካፋው ስለት አለስልሶ የደፈነውን ግድግዳ ማላኪ በሽቦ ብሩሽ ቧጥጦ አፈሩን ከፈተው። ራሱ ሞላው። ማታም አርባውን ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመልሶ ራሱ ሞላው።

*

ሐሙስ ጠዋት ማላኪ ሳንቃዎቹን አነሳ።

የመጀመሪያው ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ከታች አንድ ጣት ውሃ ቀርቶታል።

ሁሉም መጥተዋል፤ ሳጅኗም ሥራ አለኝ ብላ መጥታለች፤ ምን ሥራ እንደሆነ አልተናገረችም። ማላኪ ሦስቱንም ሞላ። ውሃው አሥር ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከአምስት ሰዓት በላይ ከፈጀ መሬቱ ይወድቃል። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከወረደም ይወድቃል፤ ያኔ ፍሳሹ ሳይጣራ ያልፋል። ሦስት ጊዜ እየተሞላ ሦስት ጊዜ ይለካል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሰባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው ሰማንያ አራት። ሦስተኛው አልቸኮለም። መቶ ደቂቃ አለፈ። መቶ ሃያ። ዴርቭላ ተነስታ ሄደች፣ ተመለሰች። ቶሜክ ሜትሩን ልያዝ አለ፤ ማላኪ ከለከለው። ኤንዳ ጊደሮቹን ረስቷል፤ በደረቱ ተኝቶ ጉድጓዱ ውስጥ እያየ ነው።

“ይወርዳል” አለ። “ይወርዳል። ዓይኔ እያየ ነው።”

መቶ አርባ ሁለት።

እንደገና ተሞላ። እንደገና ተለካ። ቀትር አለፈ። ዴርቭላ ሳንድዊች አመጣች፤ ማንም ምን እንደበላ አያውቅም። ቁጥሮቹ በትንሹ ከፍ ዝቅ አሉ፤ አልራቁም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ማላኪ የመጨረሻውን ቁጥር ጻፈ። ደመረ፣ አካፈለ። እንደገና ደመረ። ሽማግሌው በዕድሜው ሁሉ ቁጥር ሲያስደስተው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

“ዘጠና ዘጠኝ” አለ። “አማካዩ ዘጠና ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከአምስት ሰዓት ብዙ በታች።”

ዴርቭላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ቶሜክ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግሮ አቀፋት። ሳጅኗ አጨበጨበች፤ ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ተወችው።

ጃርላት ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ቅረብ ያለው ሰው የለም፤ እሱም አልቀረበም። ቁጥሩን አልሰማም።

“አለፈ?” አለ ከሩቅ።

“መሬቱ አልፏል” አለ ማላኪ።

ኤንዳ ከተኛበት ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ።

“አንተን ደግሞ እሁድ እናይሃለን።”